መኩሪያ ለእናቱ የገጠመው በር

ባለቤቴ መኩሪያ በር ገጣሚ ነው። በር ገጣሚ ስል እንደው ማጠፊያና እጀታ የሚመታ እንዳይመስላችሁ፤ የእሱ ሥራ ድምፅ የማያሳልፉ በሮች ናቸው። እዚህ ለንደን፣ ክላፋም ውስጥ ልጆች ፒያኖ የሚለማመዱበት ትምህርት ቤት፣ ኬኒንግተን ውስጥ ዘፈን የሚቀረጽበት ስቱዲዮ፣ እንግዶቹ ኮሪደር ላይ የሚጎተት ሻንጣ እንዳይሰሙበት የሚፈልግ ሆቴል ሲኖር እሱ ይጠራል። እራት ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ጎማ ያወራል። ድምፅ ውኃ ማለት ነው፣ ቀዳዳ ካገኘ ይፈስሳል ይላል። በሩ መወፈሩ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ዙሪያውን ጎማ ካልያዘው፣ ከሥሩም ሲዘጋ ወርዶ ወለሉን የሚነካ ሌላ ጎማ ከሌለው ልፋት ነው ይላል። እኔ የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ ስለ ሳል መድኃኒት እንዲህ አፍቅሬ አውርቼ አላውቅም።

የራሳችን ቤት በሮች ግን ጉድ ነበሩ። ሆሎዌይ ያለው ከካውንስሉ፣ ከመንግሥት ማለት ነው፣ የተከራየነው ቤት ግድግዳው ድፍን ሲሚንቶ ቢሆንም በሮቹ ውስጣቸው ባዶ ነው፤ በጣት ሲነኳቸው እንደ ካርቶን ይጮኻሉ። የአማቴ የእማማ አዲስዓለም ክፍል ሽንት ቤቱ ከውስጡ ነው፤ የሚከፈተው ደግሞ በቀጥታ ወደ ሳሎን ነው። እኔና መኩሪያ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ስንጨቃጨቅ እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው ይፈርዱ ነበር። «መኩሪያ፣ እሷ ያለችው ልክ ነው» ይላሉ ከውስጥ። ሌላ ቀን ደግሞ «ብፅዓት፣ አሁንስ አበዛሽው» ይሉኛል። ጠዋት ጠዋት ጮክ ብለው ሲጸልዩ ቤቱ በሙሉ ይነቃል። እያንዳንዳችንን በስማችን እየጠሩ ነው የሚጸልዩት። መጨረሻ ላይ ሐዋሳ ያለው ትንሹ ልጃቸው ጊዲዮን ይመጣል፤ እሱ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለሰልሳል።

ጊዲዮን ሐዋሳ ጋራዥ ነበረው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለእናቱ ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም። እማማ ስልኩን በስፒከር ስለሚያደርጉት ወሬውን ሁላችንም እንሰማዋለን። «የለንደኗ እመቤት እንዴት ዋለች?» ብሎ ይጀምራል። እሳቸውም መቼ ነው የምታገባው ብለው ይይዙታል፤ እሱ በሳቅ ያመልጣቸዋል። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ጸጉሩ እንኳን ሸሽቷል፤ ለእሳቸው ግን ገና ልጅ ነበር።

መሞቱን የሰማነው ሐሙስ ቀን ነው። ምሳ በልቶ ራሴን አመመኝ ብሎ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀረ። መኩሪያ ክላፋም ሳይት ላይ ሳለ ተደወለለት። ሥራውን ጥሎ በቀጥታ ወደ እኔ ፋርማሲ መጣ። በሽተኞቹ ተሰልፈው ስለነበር ከኋላቸው ተሰለፈ፤ ተራው እስኪደርስ ጠብቆ ነው የነገረኝ። «ጊዲ ሞተ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለእማዬ እንዳይነገራት» አለ። ዐይኑ ላይ እንባ አላየሁም።

የማይነገርበት ምክንያት አለ። እማማ ልባቸው ደክሟል። ለኦፕሬሽን ቀጠሮ ተይዞላቸው ነበር፤ ሐኪሙም እስከዚያ ድረስ እረፍት ያድርጉ፣ አይደንግጡ ብሏል። ማምሻውን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ኖላዊ መጡ። ቤት ገብተን እንዳናወራ እማማ ይሰማሉ፤ ስለዚህ የእሳቸው መኪና ውስጥ ተቀምጠን መከርን። «ኦፕሬሽኑ ይለፍ፤ ሰውነታቸው በርታ ሲል በሥርዓቱ እናረዳቸዋለን» አሉ ጋሽ ኖላዊ።

እኔ አልተዋጠልኝም። እኛ ሰዎች ሞት መደበቅን እንደ ሙያ ነው የምንቆጥረው። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተጠራርቶ፣ በጠዋት በር ካልተንኳኳ መርዶ መርዶ አይመስለንም። እስከዚያ ሐዘንተኛው ይብላ፣ ይሳቅ እንላለን። ደግነት ነው፣ አልክድም። ያን ሳቅ እያየ የሚከርመው ሰው ግን ምን ይሁን?

«በስሙ እየጸለዩ እንዴት አድርገን ነው ፊታቸውን የምናየው?» አልኩ።

«ብትሞትብኝስ?» አለኝ መኩሪያ።

ለቅሶውን እንኳን የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እናድርገው ብዬ ነበር። «ወንድሜ ሞቶ ቤቴን ዘግቼ ሰውን ሌላ ቦታ ሂድ ልበለው?» አለ። ደግሞም ልክ ነው፤ የሐበሻን ለቅሶ በአድራሻ ማዞር አይቻልም፣ የሰማው ሁሉ ደረጃውን ይወጣል። ቀጥሎ፣ «በር እገጥምላታለሁ» አለ። ጋሽ ኖላዊ አልገባቸውም። እኔ ገባኝ፤ ያን ጊዜም ደስ አላለኝም።

«ቢጣሩስ?» አልኩት።

«አንቺ ብቅ እያልሽ ታያታለሽ» አለኝ።

በማግስቱ እማማ ሆስፒታል የምርመራ አፖይንትመንት ስለነበራቸው እኔ ይዣቸው ሄድኩ። መኩሪያ ከትምህርት ቤቱ ሥራ ልኩ ሳይስማማ ቀርቶ የተረፈ አንድ በር ነበረው፤ አለቃው ውሰደው ብሎት ነበር። ሊፍቱ አላስገባ ስላለው ከባልደረባው ጋር ደረጃ ለደረጃ ተሸክመው ወደ ላይ አወጡት። እኔና እማማ ስንመለስ መኩሪያ ተንበርክኮ በመቃኑ ዙሪያ ጎማ እያስገባ አገኘነው። ወንድሙ ከሞተ ገና አንድ ሌሊት ማደሩ ነው። ቅንድቡ ድረስ የእንጨት ብናኝ ለብሷል፣ ፊቱ ግን ደረቅ ነው። እዬዬም ሲደላ ነው ይባላል፤ እሱ ገና ሥራ ላይ ነበር።

«የድሮው ማጠፊያው ተገንጥሎ ነው እማዬ» አላቸው ቀና ሳይል።

እማማ በሩን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። «ይኼ የባንክ በር ነው እንጂ የመኝታ ቤት ነው? ከእኔ ምን ሊሰረቅ ነው?» ብለው ሳቁ። ገብተው ጋደም አሉ። መኩሪያ በቀስታ ሲዘጋው የሳሎኑ አየር እንኳን የተለወጠ መሰለኝ። ስልካቸውንም በዚያው ስክሪኑን ላሠራልሽ ብሎ ወሰደው። እሑድ ጊዲዮን ሳይደውል ሲቀር ኔትወርክ የለም፣ መኩሪያም በስልኩ ሞክሮ አላገኘውም አልናቸው። ኔትወርክ የለም ሲባል የማያምን ሐበሻ ስለሌለ ይህን ውሸት መዋሸት አላስቸገረንም።

ከቅዳሜ ጀምሮ ሰው ጎረፈ። ከኮሪደሩ እስከ ደረጃው ድረስ ጫማ ሞላ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ አቀርቅረው ይቀመጣሉ፣ ጋሽ ኖላዊ ይጸልያሉ። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ እናቱስ ይላል። እኛ በአገጫችን በሩን እናሳየዋለን። ሰውየው በሩን ያያል፣ ከዚያ እኛን ያያል፣ ከዚያ ድምፁን ይቀንሳል። መኩሪያ ግን «ግዴለም፣ አልቅሱ፣ አይሰማም» ይላቸው ነበር። በሩ በእርግጥም ጥሩ በር ነበር። ከውስጥ የእማማ ቴሌቪዥን ሹክሹክታ እንኳን ወደ እኛ አይሰማም። መኩሪያ ሰው እያስተናገደ፣ ወንበር እየለመነ፣ ሐዋሳ እየደወለ ዋለ እንጂ ሲያለቅስ አላየሁትም።

እኔ ሰዉን በእጄ ዝም አሰኝቼ፣ ጥቁር ቀሚሴ ላይ ቢጫ ሹራብ እየደረብኩ ወደ እማማ እገባለሁ፣ ስወጣ ሹራቡን አወልቃለሁ። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ተራ ይዘው ምግብ ያመጣሉ፤ ከዚያው እየጨለፍኩ በትሪ አስገባላቸዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ስገባ እየጸለዩ ነበር። ለጊዲዮን መልካም ሚስት ስጠው፣ ልጁን ሳላቅፍ አትውሰደኝ ይላሉ። ትሪውን ይዤ ቆምኩ። ዐይናቸውን ገልጠው፣ «አሜን በይ እንጂ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።

ወጥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ ቧንቧውን ከፍቼ ፊቴን ታጠብኩ። ልጃችን ያኤል ተከትላኝ መጣች። «ማሚ፣ ዊርድ ነው፣ ልክ አይመስልም» አለችኝ። «የሞተው እኮ የእሷ ልጅ ነው። እኛ ብቻ ነን የምናለቅሰው።» ያኤል እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ «እሳቸው» ማለትን አያውቅም። ነገሩን ግን ከሽማግሌዎቹ በተሻለ አውቃው ነበር። ሂጂ ለሰው ውኃ ስጪ ብዬ አባረርኳት።

ከሰኞ በኋላ እማማ ዝም አሉ። ትሪው እምብዛም ሳይነካ ይመለሳል። ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አገኛቸዋለሁ። ስለ ጊዲዮን መጠየቅ ተዉ። መኩሪያ፣ «ኦፕሬሽኑን እየፈራች ነው» አለኝ፤ እኔም ያንኑ አመንኩ። ጠዋት ጠዋት ጸሎታቸው አይሰማም፣ ቤቱም አይነቃም። እውነቱን ልናገር፣ እንቅልፌን ጠግቤ በመነሣቴ መጀመሪያ አልከፋኝም ነበር። በኋላ ግን ስሜን የሚጠራ ሰው ሳይኖር በራሴ እየነቃሁ ጣሪያውን አይ ጀመር።

ኦፕሬሽኑ በሰላም አለፈ። ሐኪሞቹ እንኳን የዚህች ሴት ትዕግሥት ይገርማል ብለው አደነቁ። ቤት ከተመለሱ በኋላ ቀለማቸው እስኪመለስ፣ ደረጃውን በራሳቸው መውጣት እስኪችሉ ጠበቅን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ኖላዊ ከጥቂት ሴቶች ጋር መጡ። እማማን ሳሎን አምጥተን መሐል ሶፋው ላይ አስቀመጥናቸው። መኩሪያ እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ቢወድቁ እንድይዛቸው ከጎናቸው ሆንኩ። ውኃም መድኃኒቱም ቀርቧል። ጋሽ ኖላዊ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጋሽ ኖላዊ፣ አይድከሙ» አሉ እማማ። «ጊዲዮን ከሞተ ሰንብቷል። አውቃለሁ።»

መኩሪያ ዘወር ብሎ እኔን አየኝ። «ማን ነገረሽ?» አለ።

«እሷን አትያት። ወጡ ነው የነገረኝ» አሉ። «ቅዳሜ ብፅዓት ይዛልኝ የገባችው ሽሮ የእሷ እጅ አይደለም። የእሷን አውቀዋለሁ፣ ጨው ትረሳለች።» አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣትና ደንግጣ አፏን ያዘች። «እሑድ ምስሩ የሌላ ሰው ነው። ሰኞ አልጫው ደግሞ የሌላ። በቤታችሁ እሳት አልነደደም ማለት ነው። ሴቲቱ ደህና ሆና በቤቷ እሳት የማይነደው፣ የሰው እጅ የሚበላው መቼ ነው? ቆጠርኳችሁ። መኩሪያ አለ፣ ብፅዓት አለች፣ ያኤል አለች። የቀረኝ እሱ ነው።»

እኛ ድምፅ እንዳያልፍ ስንጠነቀቅ፣ መርዶውን በትሪ ይዤ የገባሁት እኔው ነኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም እማዬ?» አለ መኩሪያ።

«ነገርኳችሁ እንጂ» አሉ እማማ። «ጮህኩ እኮ። ስሙን እየጠራሁ፣ ደረቴን እየደቃሁ ጮህኩ። ለቅሶ ከሆነ ሳሎኑ ሙሉ ሰው እንደሚሆን አውቃለሁ። አንድ ሰው እንኳን አልመጣም። ሰምተው ነው ዝም ያሉት አልኩ። ለማርዳት ቀን ቆርጠዋል፣ ሥርዓታቸውን ላላፍርስባቸው ብዬ አፌ ውስጥ ነጠላዬን ጎሰጎስኩ።»

«አልሰማንም» አለ መኩሪያ። «እማዬ ሙች፣ አልሰማንም።»

«ከዚህ እዚያ?» በእጃቸው ከሶፋው እስከ በሩ ያለውን አሳዩት። «ስታዛጉ እኔ እሰማ አልነበረም? ያን ሰሞንማ እኔ ከሳሎን ምንም አይሰማኝም ነበር፤ መድኃኒቱ ጆሮዬን ደፈነው ብዬ ዝም አልኩ። የእናንተ ጆሮ ግን ደህና ነው።»

መኩሪያ ይነግራቸው ጀመር። በሩ ለምን እንደተገጠመ፣ እንጨቱ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ጎማው ዙሪያውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ከሥር እንዴት እንደሚወርድ። እየተንተባተበ ሁሉንም ነገራቸው። እሳቸው ዕቃ ሰብሮ ድመት ናት የሚል ልጅ እንደሚሰማ ሰው ሰሙት። ሲጨርስ ጭንቅላቱን ዳሰስ አደረጉትና፣ «ይሁን፣ አልሰማችሁም» አሉ። እኔ ይቺን «ይሁን» አውቃታለሁ። ሲያምኑ አይደለም የሚሏት፣ ሰው ሲያሳዝናቸው ነው።

ሴቶቹ እማማ እስኪያለቅሱ ጠበቁ። አላለቀሱም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ አበው፤ እሳቸው ግን የነበራቸውን ብቻቸውን ጨርሰውት ነበር። እንግዶቹ ጥቂት አልቅሰው፣ ጥቂት አጽናንተው፣ እየተያዩ ወጡ። ጋሽ ኖላዊ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ሳያነቡበት ዘግተው ሄዱ።

ምሳ ቀርቦ ማንም አልበላም። ገብተው ጋደም ይበሉ ብዬ እማማን ላስነሣቸው ስል ክንዳቸውን ሰበሰቡ። «እዚሁ ልሁን። ሰው ባለበት» አሉ። መኩሪያ ይህን ሲሰማ ከመሬት ተነሣ።

«ብፅዓት፣ ግቢና ጩኺ» አለኝ።

«ምን?»

«ውስጥ ግቢ። እኔ እዘጋዋለሁ። የቻልሽውን ያህል ጩኺ። እማዬ እዚህ ሆና ታዳምጥ።»

«ተወው ልጄ» አሉ እማማ፣ «ብያለሁ እኮ፣ አልሰማችሁም ብያለሁ።»

«ግቢ» አለኝ ደግሞ።

ገባሁ፤ ዘጋው። ጎማው ወርዶ ወለሉን ሲነካ እፍ አለ፤ ከዚያ በኋላ በሳሎኑ መስኮት የሚሰሙት የሆሎዌይ መንገድ አውቶቡሶችም፣ የጎረቤት ልጆችም፣ ባሌም አማቴም ጠፉ። የእማማ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ያለ ነገሩ ጩኺ ሲባል ሰው ያፍራል። መጀመሪያ «ኧረ እዚህ ነኝ» አልኩ በለሆሳስ። ቀጥዬ ትንሽ ጮክ አልኩ። ከዚያ ምን እንደምል ስለጨነቀኝ «ጊዲዮን» አልኩ። ስሙን ጮክ ብዬ ስጠራው ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ቢጫውን ሹራብ ስደርብና ሳወልቅ የከረምኩት ሁሉ ገነፈለ። ጊዲዮን ወንድሜ እያልኩ፣ ፍራሹን እየደበደብኩ ጮህኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪላጥ ድረስ ጮህኩ። የምጮኸው እንዲሰሙኝ ይሁን እንዳይሰሙኝ ጠፋኝ። መሐል ላይ አሁን መጥተው ይከፍቱልኛል ብዬ በሩን አየሁት። ማንም አልከፈተም። እሳቸውም እዚሁ ተቀምጠው እንዲህ በሩን አይተውታል አልኩ፤ ያን ጊዜ ፈራሁ። ተነሥቼ በሩን በትከሻዬ ገፋሁት።

መኩሪያ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ቆሞ ነበር። በሩ ሲገፋው ወደ ኋላ ተንገዳገደ። እማማ ሶፋው ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ በአንድ እጃቸው ጆሯቸውን ወደ በሩ ከልለው ተቀምጠዋል።

«ምነው ብፅዓት፣ ሳትጀምሪ ወጣሽ?» አሉኝ።

ከዚያ ፊቴን አዩት። የሶፋውን ክንድ ይዘው ተነሡና ቀስ ብለው መጡ፤ ጉንጬን በመዳፋቸው ነኩት፣ እጃቸውን አዩት፣ እርጥብ ነው። ልናገር ብል ድምፄ ተዘግቶ አልወጣም። በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። መኩሪያ ጋ ዞሩ።

«እውነትም አልሰማህም» አሉት። «ልጄ፣ አልሰማህም።»

መኩሪያ ለወንድሙ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው።